ወጌሻ ወይስ ጄሶ?

በአገራችን እጁ ወይም እግሩ የተሰበረ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፦ ወጌሻን ወይም ሆስፒታልን። ወጌሻው ቅርብ ነው፤ ዋጋውም አነስተኛ ነው፤ ለቀላል ወለምታ የብዙዎቹ እጅ የሠለጠነ መሆኑንም አልክድም። ሆኖም ስብራቱን የሚለየው በመዳሰስ ብቻ ሲሆን፣ በቀርከሃ አጥብቆ ያሰረው እግር ሲያብጥ የደም ዝውውሩ ሊቋረጥና ሥጋው ሞቶ እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። በሆስፒታል ግን አጥንቱ በራጅ ታይቶ ይቃናል፤ ጄሶውም ቢሆን ከጠበቀ ተመሳሳይ አደጋ ስላለው፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ሕመሙ ከበረታ ሳይዘገዩ መመለስ ያስፈልጋል። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ ምርጫ የለም፤ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉት መገጣጠሚያዎች እንዳይንቀሳቀሱ በእንጨት ደግፎ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።