ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ የልጆቼን ማሊያ ያሳተምኩበት ሱቅ

ሱቁ ታፔላ የለውም። ድሬ ታይዋን ገብታችሁ የልብስ ሰፊዎቹን ረድፍ ይዛችሁ ሂዱና "ማሊያ የሚያትመው ልጅ" ብላችሁ ጠይቁ፣ ማንም ያሳያችኋል። በሩ ላይ ሁሌም አንድ ሁለት ማሊያ ተሰቅሏል።

እኔ ሳቢያን የሰፈር ልጆችን ኳስ አሠለጥናለሁ። አሥራ ስድስት ናቸው። እስካሁን እያንዳንዱ ቤት ያገኘውን ቲሸርት ለብሶ ነበር የሚጫወተው። ዘንድሮ ወላጆች አዋጡ፣ እኔም ጨመርኩና አሥራ ሰባት ቢጫ ማሊያ አሳተምን። አሥራ ሰባተኛው የኔ ነው። 10 ቁጥር፣ ከቁጥሩ በላይ "ሃጂ"።

ልጁ ስሙን ሲሰማ ፊቱ በራ። "ጋሼ፣ አባባ ከሐጅ ተመለሱ እንዴ?" አለኝ። ድሬ ላይ እንዲህ ቢጠየቅ ምን ይገርማል። እስክነግረው ድረስ በሐመሩ ሐ ቆርጦ ጨርሶታል። "አይ፣ የሩማኒያው ኳስ ተጫዋች ነው፣ ጌዮርጌ ሃጂ" አልኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አያውቀውም። "አቦ ንገረኛ!" ብሎ ማሽኑን ሰካ። እስኪሞቅ ድረስ ነገርኩት።

በ1986 ዓ.ም. የአሜሪካው የዓለም ዋንጫ ጊዜ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያቺን ጎል ያየሁት ጎረቤት ቤት፣ መሬት ላይ ተቀምጬ ነው። ከኮሎምቢያ ጋር ነው። ሃጂ በግራ መስመር፣ ከጎሉ በጣም ርቆ ኳስ ያዘ። ያሻማል ብለን ጠበቅን። እሱ በግራ እግሩ ወደ ጎሉ ላካት። በረኛው ኮርዶባ ወደ ኋላ እየሸሸ ዘለለ፣ አልደረሰባትም። በራሱ ላይ አልፋ መረብ ውስጥ ገባች። ሩማኒያ 3 ለ 1 አሸነፈች። ቀጥሎ አርጀንቲናን 3 ለ 2 አሰናብተው ሩብ ፍጻሜ ላይ በስዊድን በመለያ ምት ወደቁ። ያን ክረምት ሰፈራችን ውስጥ ቀኝ እግሩ የሚሻለው ልጅ ሁሉ በግራ ሲመታ ከረመ።

ስሙን ያሳተምኩት ግን ከዚያ በኋላ በሠራው ሥራ ነው። (ከዚህ በታች ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዓለም ዋንጫው በፊት ሪያል ማድሪድ፣ ከዚያ በኋላ ባርሴሎና ተጫውቷል። የቱርኩ ጋላታሳራይ ገብቶ በተከታታይ አራት ጊዜ የሊግ ዋንጫ ወሰደ። በ2000 ኮፐንሃገን ላይ አርሰናልን በመለያ ምት አሸንፈው የዩኤፋን ዋንጫ አነሱ። እሱ በጭማሪው ሰዓት ቀይ አይቶ ወጥቶ ነበር። የመጨረሻዋን ምት ያስገባው ፖፔስኩ ነው፣ የሚስቱ እህት ባል።

አሠልጣኝ ሲሆን ወዲያው አልቀናውም። በ2001 ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ በስሎቬኒያ ተሸነፈና የዓለም ዋንጫው ቀረ። ቡርሳስፖር ላይ አልቆየም። ጋላታሳራይ ተመልሶ በ2005 ፌነርባቼን 5 ለ 1 ረትቶ የቱርክን ዋንጫ ወሰደ፣ እዚያም አልሰነበተም። ሌላ ሰው ቢሆን የተጫዋችነት ስሙን ይዞ ቤቱ ይቀመጥ ነበር። እሱ በ2009 ኮንስታንሳ አጠገብ በራሱ ገንዘብ የልጆች አካዳሚ ከፈተ። ክለቡን ቪቶሩል አለው፣ በቋንቋቸው "መጪው ጊዜ" ማለት ነው። እዚያ ያሳደጋቸውን ልጆች ይዞ በ2017 የሩማኒያ ሻምፒዮን ሆነ። በ2021 ክለቡ ከፋሩል ጋር ተዋሀደ። ፋሩል ማለት እሱ ራሱ በልጅነቱ የተጫወተበት ቡድን ነው። በ2023 ፋሩልንም ሻምፒዮን አደረገው።

አሸዋ ላይ አሥራ ስድስት ልጅ ለሚያሯሩጥ ሰው ይሄ ታሪክ ስንቅ ነው።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ የቆረጠውን ሐመሩን ሐ ጣለና በሃሌታው እንደገና ቆረጠው፣ ሳልጠይቀው። ተጨማሪ አላስከፈለኝም። ሥራውን ቁጭ ብዬ አየሁት። ፊደሉንና ቁጥሩን ስስ ላስቲክ ላይ ይቆርጣል። ከዚያ የማይፈለገውን በመርፌ ጫፍ እየነቀለ ያወጣል። የዜሮዋን ሆድ ሲያወጣ ትንፋሹን ይዞ ነበር። ማሊያውን እንደ ካውያ የሚግል ማሽን ላይ ያነጥፋል፣ መሃሉን ለማግኘት ሁለት ጎኑን አጥፎ ይለካል፣ ላስቲኩን አስቀምጦ ይጫናል። ሲያነሳው ወዲያው አይልጠውም፣ እስኪበርድ ይጠብቃል። ሌላ ቦታ ያሳተሙ ሰዎች ቁጥሩ ቶሎ ተነሳብን የሚሉት ይቺን ትዕግስት አጥተው ይመስለኛል።

ጨርቁ ጥሩ ነው። እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ ቀላል፣ ላብ የማይዝ። ለድሬ ሙቀት ከዚህ ሌላ አይሆንም። አንዱ ከነማተሚያው 450 ብር ሆነልን። ዙሬ ጠይቄያለሁ፣ በዚህ ዋጋ ይህን ጥራት አላገኘሁም።

ቅሬታም አለኝ። ሐሙስ ትደርሳለች ብሎኝ ቅዳሜ ነው የሰጠኝ። መብራት ጠፍቶበት ነው፣ እሱ ምን ያድርግ። ግን መደወል ነበረበት። ዓርብ ማታ ልጆቹ ሜዳ ላይ ተሰብስበው ጠበቁኝ፣ ባዶ እጄን ነው የሄድኩት። ትንሹ ልጅ "ነገስ ይመጣል?" ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። ሌላው፣ ሦስተኛ እጥበት ላይ የሁለት ማሊያ ቁጥር ጠርዙ ተነሳ። ይዤ ሄድኩ። አልተከራከረኝም፣ እዚያው ቆሜ ነቅሎ ሌላ አተመልኝ። በቀዝቃዛ ውሃ፣ ገልብጣችሁ እጠቡ፣ ካውያ አታስነኩት ብሎኛል። ይህን መጀመሪያ ቀን ቢነግረን ኖሮ ጥሩ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ማሊያውን ሳድል አንድ ግራኝ ልጅ አለኝ፣ እሱም 10 ቁጥር ነው። አውጥቶ አልለበሰውም። መጀመሪያ አሸተተው፣ ቁጥሯን በጣቱ ዳሰሳት፣ ከዚያ አጣጥፎ ደረቱ ላይ ያዘው። "ልበሰው እንጂ" አልኩት። "እግሬን ታጥቤ ልምጣ" ብሎ ወደ ቤት ሮጠ።

ከሄዳችሁ ጠዋት ሂዱ። ከሰባት እስከ አስር ሰዓት ዝግ ነው። ቀብድ ግማሽ ይቀበላል። ስሞቹን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፣ በቃል አትንገሩት። እኔ ማክሰኞ ተመልሼ እሄዳለሁ። አዲስ ልጅ መጥቶልናል፣ ቁጥሩ 17 ነው።