ለሰሜን ሸዋ መንገድ የብረት የኋላ ፓራውልት፦ እዚሁ ማስበየድ፣ ከውጭ ማስመጣት ወይስ የፋብሪካውን ማቆየት?

ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ ወይም በእነዋሪ ወደ ጅሩ የሚመላለስ ሰው የመኪናው ጅራት ምን እንደሚደርስበት ያውቃል። መንዝ ላይ ድንጋዩ፣ ጅሩ ላይ ደግሞ ክረምት ሲገባ መረሬው ነው። መኪናው ከጎርፍ ቦይ ሽቅብ ሲወጣ ኋላው መሬት ይጭራል፤ የፋብሪካው ፓራውልት ፕላስቲክ ከሆነ ይሰነጠቃል፣ ስስ ላሜራ ከሆነ ይጎብጣል። ያኔ ሰው ሁሉ ብረት ማሠራት ያምረዋል። አብዛኛው ታዲያ የሚመርጠው በመልኩ ነው። እኔ የማስቀድመው ክብደቱንና ሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አጽም) ላይ የሚታሰርበትን መንገድ ነው።

ክብደቱን እናስላ። አንድ ካሬ ሜትር ላሜራ በ3 ሚሊ ውፍረት 23.5 ኪሎ ገደማ፣ በ4 ሚሊ 31.4፣ በ6 ሚሊ 47 ኪሎ ይመዝናል። ፓራውልቱ አንድ ካሬ ያህል ይበላል። የስኮርታ (የትርፍ) ጎማ መስቀያና ጀሪካን ከተጨመረበት ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ናፍጣ የሞላ ባለ 20 ሊትር የብረት ጀሪካን ብቻውን 20 ኪሎ ያልፋል። ሁሉም ተደምሮ 120 ኪሎ ደረሰ እንበል። ይህ ሸክም ከኋላ አክስል 1.1 ሜትር ወደ ኋላ ቢያርፍ፣ በአክስሎቹ መካከል 2.98 ሜትር ባለው ላንድክሩዘር 78 ላይ የኋላው አክስል ላይ የሚጨመረው ሸክም 164 ኪሎ ይሆናል፤ የፊቱ በ44 ኪሎ ይቀልላል። ፊቱ የቀለለ መኪና ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር ሲወጣ መሪው እንደ ልብ አይታዘዝም። እኔ የመጀመሪያውን ያሠራሁት በ6 ሚሊ ነበር፤ ጠንካራ መስሎኝ። ባልስትራው (ኋላውን የሚሸከመው የብረት ስፕሪንግ) ወርዶ መብራቱ ወደ ሰማይ ማየት ሲጀምር አስፈትቼ በ4 ሚሊ እንደ አዲስ አሠራሁት። 4 ሚሊ ይበቃል። ለሃይሉክስ 3 ሚሊ ሆኖ ከውስጥ በቱቦላሬ (በብረት ቱቦ) ቢደገፍ እመርጣለሁ።

እዚሁ ማስበየድ ትልቁ ጥቅሙ ለመኪናችሁና ለመንገዳችሁ ተለክቶ መሠራቱ ነው። ጥጎቹን ወደ ላይ አስቆርጣችሁ ኋላው እንዳይጭር ማድረግ፣ ክሪክ የሚያርፍበትን ቦታ ማስወጣት፣ የመጎተቻ ቀለበቱን በፈለጋችሁበት ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ቢጎብጥም ብየዳ ባለበት ከተማ ሁሉ ይቃናል። ችግሩ ሁሉ ነገር በበያጁ እጅ መሆኑ ነው። ስለዚህ አጠገቡ ቁሙ። ፓራውልቱ ሻንሲው ላይ በፍጹም አይበየድ፤ ሙቀቱ የሻንሲውን ብረት ያዳክማል፣ ስንጥቁም ከብየዳው ጠርዝ ይጀምራል። በወፍራም ፕሌት፣ ፋብሪካው በተዋቸው ቀዳዳዎች፣ ራሳቸው ላይ የጥንካሬ ደረጃቸው 8.8 ወይም 10.9 ተብሎ በተጻፈባቸው ባለ 12 ሚሊ ብሎኖች ይታሰር። መኪናው ላይ ልኩ ተወስዶ ነጥብ ነጥብ ብቻ ይያዝ፤ ዋናው ብየዳ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ይሠራ። ነጥቡ ሲያዝም የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀል፣ ሰልባትዮውና (የነዳጅ ታንኩና) የፍሬን ቱቦው ይከለል። ዚንክ የተለበጠ ቱቦ ካመጣላችሁ አትቀበሉ፤ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ በያጁን ራሱን ያሳምመዋል። ከሥር ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ የመረሬው ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፤ ከውጭ ቀለሙ እያማረ ቆይቶ አንድ ቀን ይበሳል።

ከውጭ የሚመጣው በማሽን የታጠፈ ስለሆነ የብየዳ መስመሩ ጥቂት ነው፤ ቀዳዳው ከሻንሲው ጋር ይገጥማል፣ የመብራቱና የሴንሰሩ ቦታም ተዘጋጅቶለታል። የኋላ ካሜራና ሴንሰር ያለው አዲስ ፕራዶ ለሚነዳ ሰው ዋጋውንና የጉምሩኩን ጣጣ ከቻለው ይህን ያምጣ እላለሁ። ሲያዝ ግን የሞዴሉን ቁጥርና ዓመት በትክክል ይስጥ፤ ለላንድክሩዘር 76 የተሠራው 78 ላይ አይገጥምም። በምድጃ የተጋገረው ቀለሙ ያምራል፤ ሆኖም የመንዝ ድንጋይ አንድ ቦታ ከፈነቀለው ዝገቱ ከሥሩ ይሄዳልና ቶሎ መጠረግ አለበት።

ሥራችሁ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት በአስፋልት ብቻ ከሆነ የፋብሪካውን አትንኩት። ፕላስቲኩ ሲመታ ተሰብሮ ግጭቱን ይቀንሳል፤ ብረቱ ግን ምቱን በቀጥታ ወደ ሻንሲው ያስተላልፋል። በገበያ ቀን ወደ ኋላ ስትሉም የብረት ጥግ ለሰውም ለአህያም ክፉ ነው። ችግራችሁ ጭቃ ውስጥ መያዝ ብቻ ከሆነ ሻንሲው ላይ በብሎን የታሰረ ጠንካራ የመጎተቻ መንጠቆ ይበቃል፤ ክብደት የለው፣ ወጪው ትንሽ።

ብረቱን ለመረጠ ሰው፣ ቀሪውን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን ጥግ በክሪክ አስነሱና ጎማው ከመሬት ለቆ እያለ ብየዳውንና ማሰሪያውን እዩ። ማንም ከሥሩ አይግባ። የስኮርታው ክንድ ጎማውን ተሸክሞ ሲከፈት ወደ ታች መውረድ የለበትም፤ ማጠፊያውም ግራሶ የሚገባበት ይሁን። ታርጋው፣ የታርጋው መብራትና ፍሬቻው ካልታዩ ቦሎ ስታሳድሱ ይመለስባችኋል። የመጀመሪያውን የመንዝ ጉዞ ሄዳችሁ ስትመለሱ ደግሞ ቁልፉን ይዛችሁ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ አጥብቁ፤ አዲስ ማሰሪያ ከመጀመሪያው ኮሮኮንች በኋላ ይላላል።