የተመሰጠረ ቨርቹዋል ማሽን አነሳስ፦ ራስ ማረጋገጥ ወይስ በአገልግሎት?

የቨርቹዋል ማሽኑ (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር) ሚሞሪ ተመሰጠረ ማለት ትክክለኛው ሶፍትዌር ተነሳ ማለት አይደለም። በኤኤምዲ ኤስኢቪ-ኤስኤንፒ (የቨርቹዋል ማሽንን ሚሞሪ የሚመሰጥር የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ቴክኖሎጂ)፣ ፕሮሰሰሩ ማሽኑ ሲነሳ የተጫነውን ለክቶ 48 ባይት ሃሽ (የተጫነው ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ የዲጂታል አሻራ) ያወጣል። ሃሹን የያዘ ሪፖርትም ይፈርማል። ሪፖርቱን ማን ይመርምረው?

ራስዎ ሲመረምሩ፦ የአገልግሎት ክፍያ የለም፤ ሥራው ግን ይበዛል። የፊርማውን ሰርተፍኬት እስከ ኤኤምዲ ዋና ቁልፍ ድረስ ያረጋግጣሉ። የሚጠበቀውን ሃሽ አስቀድመው ያሰላሉ። ፈርምዌሩ (ማሽኑን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) ሲታደስ፣ የቪሲፒዩ (ለማሽኑ የተመደበ ቨርቹዋል ፕሮሰሰር) ብዛት እንኳ ሲቀየር ሃሹ ይለወጣል። አሰልቺው ነገር ይሄ ነው። ሪፖርት በጠየቁ ቁጥርም አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር ይላኩ፤ አለዚያ አሮጌ ሪፖርት ሊቀርብልዎ ይችላል።

በዝግጁ አገልግሎት፦ ሪፖርቱን አገልግሎቱ ይመረምርልዎታል፤ ቀላልና ፈጣን ነው። ግን አገልግሎቱ የክላውድ አቅራቢው (ማሽኑ የሚሠራበትን ሰርቨር የሚያከራየው ድርጅት) ከሆነ፣ ሊጠነቀቁት ያሰቡትን አካል መልሰው አመኑት ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አቅራቢውን ለማያምኑበት ሚስጥራዊ ዳታ የመጀመሪያው ይሻላል። ቡድንዎ ትንሽ ከሆነና አቅራቢውን ካመኑት ሁለተኛው ይበቃል።