ለሲቪል መሐንዲስ የትኛው ወረቀት ይበጃል? በዋሽንግተን አካባቢ ከፍዬ የሞከርኋቸው ሦስት አገልግሎቶች

ከኢትዮጵያ ይዤው የመጣሁትን የሲቪል ምህንድስና ዲግሪ እዚህ አሜሪካ እንጀራ እንዲሆነኝ ለማድረግ ሦስት አገልግሎቶችን ከኪሴ ከፍዬ ተጠቅሜአለሁ። አንደኛው ማንኛውንም የውጭ አገር ትምህርት የሚገመግም ጠቅላላ ድርጅት ነው። ሁለተኛው የመሐንዲሶችን የፈቃድ ፈተና የሚያዘጋጀውና ሰው ሁሉ ኤንሲኢኢኤስ እያለ የሚጠራው ብሔራዊ ምክር ቤት የሚሰጠው ግምገማ ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ ኤሲአይ፣ የሚሰጠው የመስክ ፍተሻ ቴክኒሺያን ምስክር ወረቀት ነው። የከፈልሁበት ቅደም ተከተልና የጠቀሙኝ ቅደም ተከተል ፈጽሞ የማይገናኙ በመሆናቸው፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣ ባለሙያ ገንዘቡንና ጊዜውን እንዳያባክን ያየሁትን በዝርዝር ላስቀምጥ።

በ2018 እ.ኤ.አ. በዲቪ ስገባ በሙያዬ አምስት ዓመት ሠርቼ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ እንደ ብዙዎቻችን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር፤ በሌሊቱ ተራ አብረውኝ ከሚሠሩት አንዱ ፋርማሲስት፣ ሌላው የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ሁሉም የሚሰጡኝ ምክር አንድ ነበር፤ «ወረቀትህን ቶሎ ኢቫሉዌት አስደርግ» ይሉኛል። ማን ጋ፣ ለምን ዓላማና ለማን እንደሚቀርብ ግን አንዳቸውም አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስህተቱ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የትምህርት መሥሪያ ቤት የውጭ አገር ዲግሪ አይገመግምም፤ ገምጋሚ ድርጅቶችንም መርጦ ዕውቅና አይሰጥም። ሥራው የግል ድርጅቶች ነው። ከእነዚህ መካከል በ1974 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ የተቋቋመውን ደብሊውኢኤስን የማያውቅ አበሻ ጥቂት ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. የተመሠረተና ናሴስ የሚባል የገምጋሚዎች ማኅበርም አለ፤ ዩኒቨርሲቲዎችና ብዙ ቀጣሪዎች «የናሴስ አባል የገመገመው ይሁን» ይላሉ። እኔ የሄድሁበት ድርጅትም አባል ነበር። ስሙን አልጠራም፤ የገጠመኝ ችግር የእርሱ ብቻ ይሁን የሁሉም፣ በአንድ ሰው ፋይል መፍረድ አይቻልምና።

አገልግሎቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዲግሪው በአሜሪካ ከምን ጋር እንደሚስተካከል በጥቂት መስመር የሚገልጽ ሲሆን፣ ሁለተኛው እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱና ከነውጤቱ የሚዘረዝር ነው። እኔ «ይበልጥ ዝርዝር ከሆነ ይበልጥ ይጠቅማል» ብዬ 200 ዶላር ገደማ ከፍዬ ሁለተኛውን ወሰድሁ።

ክፍያው ቀላሉ ነገር ነው፤ ፈተናው ያለው አዲስ አበባ ነው። ገምጋሚው ትራንስክሪፕቱን ከእኔ እጅ አይቀበልም፤ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በታሸገና ማኅተም ባረፈበት ፖስታ በቀጥታ መድረስ አለበት። እኔ ደግሞ በእጄ የነበረው ጊዜያዊ ዲግሪ፣ ማለትም ቴምፖ ብቻ ነበር፤ ኮስት ሼሪንጉን ከፍዬ ስላልጨረስሁ ዋናው ዲግሪ አልተሰጠኝም ነበር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ አገር ቤት እያለን ለዓመታት በቴምፖ ስንሠራ ስለምንኖር ግን ዕዳው የሚታወሰን ባሕር ከተሻገርን በኋላ ነው። ለአክስቴ ልጅ በኤምባሲ በኩል ውክልና ላክሁለት፤ እርሱም ውክልናውን አረጋግጦ፣ ዕዳዬን ከፍሎ፣ ክሊራንስ አውጥቶ፣ ዲግሪውን ተቀብሎ፣ ትራንስክሪፕቱን እስኪያስልክ ድረስ አራት ወር ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነበት። ገና አገር ቤት ያላችሁና ቪዛ የምትጠብቁ ሰዎች ካላችሁ፣ ከቲኬቱ በፊት የሚቀድመው ይህ ነው፤ ኮስት ሼሪንጋችሁን ከፍላችሁ ዋናውን ዲግሪ በእጃችሁ ያዙ።

አንድ ነገር ብቻ ቀሎልናል። ከፍተኛ ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትራንስክሪፕቱን ማስተርጎም አያስፈልግም፤ ከሌላ አገር የሚመጡ ሰዎች ለዚህ ብቻ ብዙ ይከፍላሉ።

ፖስታው ከደረሰ በኋላ ድርጅቱ ሁለት ጥያቄ አነሣ። የመጀመሪያው የአያቴ ስም ነበር፤ በፓስፖርቴ ላይ በሁለት ቃል ተከፍሎ፣ በትራንስክሪፕቱ ላይ ደግሞ በአንድ ቃል ተገጣጥሞና አንድ ፊደል ጎድሎት ስለተጻፈ ሁለቱ ሰዎች አንድ መሆናቸውን እንዳረጋግጥ ተጠየቅሁ። ኖታሪ ፊት ምዬ ፈርሜ ላክሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ያሳቀኝም ያናደደኝም ነው። የገባሁበት ዓመት በእኛ አቆጣጠር 2001፣ የተመረቅሁበት ዓመት በፈረንጆቹ 2013 ተብሎ ስለተመዘገበ፣ «የአምስት ዓመቱን ፕሮግራም ለመጨረስ ለምን 12 ዓመት ፈጀ?» የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። የዘመን አቆጣጠር ልዩነቱን አስረድቼ ጻፍሁ፤ መልሱን ተቀብለው ሥራውን እስኪቀጥሉ ሦስት ሳምንት ሄደ። የኢትዮጵያን ማስረጃ በየጊዜው የሚያይ ድርጅት ይህን ሊያውቅ በተገባ ነበር።

በመጨረሻ የደረሰኝ ወረቀት ያምራል፤ ወፍራም ወረቀት ነው፣ ማኅተም አለው፣ የባችለር ዲግሪዬም በአሜሪካ ዕውቅና ካለው ዩኒቨርሲቲ ባችለር ጋር እኩል ነው ይላል። ነገር ግን በአራተኛው ዓመት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ኮንትራክተር ጋር የሠራሁትን ኢንተርንሺፕ ያለ ክሬዲት አልፈውታል። ትራንስክሪፕቱ ላይ 30 ኢሲቲኤስ (ከአውሮፓ የተወሰደ የትምህርት ጫና መለኪያ) ተብሎ ተመዝግቧል፤ እነርሱ ራሳቸው ሌሎቹን ኮርሶች ባሰሉበት መንገድ፣ ሁለቱን ኢሲቲኤስ በአንድ ክሬዲት ቢመነዝሩት፣ 15 ክሬዲት መሆን ነበረበት። አቤቱታ ሳቀርብ ዳግም ለማየት ተጨማሪ ክፍያ ጠየቁኝ። አልከፈልሁም።

ከዚያ በኋላ ይህን ወረቀት ከማመልከቻ ጋር አያይዤ የላክሁላቸው የግል የምህንድስና ድርጅቶች ከሃያ ያላነሱ ናቸው። ለቃለ መጠይቅ የጠሩኝ ሦስት ሲሆኑ፣ አንዳቸውም ስለ ወረቀቱ አንዲት ጥያቄ አላነሡም። የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነበር፦ እዚህ አገር የሠራሁት ምን እንደሆነና የፈቃድ ፈተናውን የመጀመሪያ ክፍል አልፌ እንደሆነ። ሁለቱም አልነበረኝም።

ወረቀቱ ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ለማስተርስ የሚያመለክት ሰው ያስፈልገዋል። የካውንቲ፣ የከተማ ወይም የስቴት መሥሪያ ቤት ሥራ የሚፈልግም እንዲሁ፤ በእነዚህ ቦታዎች የማስታወቂያውን መስፈርት የሚያጣራው የሰው ኃይል ክፍል ስለሆነ፣ የውጭ ዲግሪ ያለ ግምገማ ከቀረበ ፋይሉ መሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ ሳይደርስ ሊወድቅ ይችላል። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችም ይፈልጉታል፤ ግን አብዛኛው የፌዴራል ቅጥር ዜግነት ስለሚጠይቅ ግሪን ካርድ ብቻ ለያዘ ሰው ለጊዜው ሩቅ ነው። እኔ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱንም አልፈልግም ነበር። የገዛሁት ነገር መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን የሚያነበው ሰው ስላልነበረው ነው የከሰርሁት።

ወደ ኤሲአይ የመራኝ አንድ የማናሳስ ታክሲ ነጂ ወንድማችን ነው፤ ራሱ ቀድሞ በቤተ ሙከራ ሠርቶ ያውቃል። የመስክ ፍተሻ ቴክኒሺያን ደረጃ አንድ የሚባለው ምስክር ወረቀት ዲግሪ አይጠይቅም፣ ትራንስክሪፕት አይጠይቅም፣ የአያትህን ስም አጻጻፍ አይጠይቅም። የጽሑፍ ፈተና አለው፤ ከዚያ በፈታኝ ፊት የሚሠራ የተግባር ፈተና ይከተላል። የሚፈተነው በሰባት መደበኛ ፍተሻዎች ላይ ነው፦ ናሙና አወሳሰድ፣ የሙቀት መጠን፣ ስላምፕ (ያልደረቀ ኮንክሪት ምን ያህል እንደሚላላ የሚለካበት)፣ ክብደት በይዘት፣ በሁለት ዘዴ የሚለካ የአየር መጠን፣ እና ለጥንካሬ ፍተሻ የሚሞላው የሲሊንደር ናሙና አዘገጃጀት።

ስላምፕን አዲስ አበባ ሳለሁ ስንት መቶ ጊዜ እንዳሠራሁ አላስታውስም። ራሴ ግን በእጄ ሠርቼ አላውቅም፤ ፎርማኑ ይሠራል፣ እኔ ቁጥሩን እፈርማለሁ። እዚህ ግን 12 ኢንች ከፍታ ያለውን ሾጣጣ ቆርቆሮ በሁለት እግሬ ረግጬ፣ በሦስት ንጣፍ ሞልቼ፣ እያንዳንዱን ንጣፍ 25 ጊዜ በዘንግ ወግቼ፣ ቆርቆሮውን በአምስት ሰከንድ ገደማ ሳላጣምም ወደ ላይ አንሥቼ፣ ሁሉንም ከሁለት ደቂቃ ተኩል ባልበለጠ ጊዜ መጨረስ ነበረብኝ። በመጀመሪያው ሙከራ ሁለተኛውን ንጣፍ ስወጋ ዘንጉ ከሥሩ ወዳለው ንጣፍ ጥቂት መዝለቅ እንዳለበት ረሳሁና ፈታኙ ምንም ሳይናገር አንድ ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረገ። ሁለተኛ ሙከራ ይፈቀዳል፤ በእርሱ አለፍሁ። ትንሽ ማፈሬ አልቀረም፤ መሐንዲስ ነኝ እያልሁ የቀን ሠራተኛ የሚያውቀውን አለማወቄን ያሳየኝ ፈተና ነውና።

ምስክር ወረቀቱ በእጄ በገባ በሦስተኛው ሳምንት አንድ የቁሳቁስ መፈተሻ ቤተ ሙከራ ቀጠረኝ። ከምስክር ወረቀቱ ሌላ የጠየቀኝ ንጹሕ መንጃ ፈቃድ ብቻ ነበር። ሥራው ንጋት 11 ሰዓት ላይ ኮንክሪት በሚሞላበት ቦታ መገኘት፣ ናሙና ወስዶ መፈተሽ፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን የሚሰበሩትን ሲሊንደሮች ማዘጋጀት ነው። የሰዓት ክፍያው ከመኪና ማቆሚያው ይሻላል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። በየቀኑ የስዕል ወረቀቱን ይዘው ከሚቆሙ መሐንዲሶች ጋር ታወራለህ፣ ስምህን ያውቁታል፣ «እዚህ አገር ምን ሠርተሃል?» ለሚለው ጥያቄም መልስ ይኖርሃል። ስልጠናው፣ መጽሐፉና ፈተናው ተደምረው ጥቂት መቶ ዶላር ነው ያስወጡኝ፤ ከሦስቱ አገልግሎቶች ገንዘቡን ወዲያውኑ የመለሰልኝ ይህ ብቻ ነው። ምስክር ወረቀቱ በአምስት ዓመቱ ይታደሳል።

የኤንሲኢኢኤስ ግምገማ የተለየ ዕቃ ነው። በዚህ አገር ያለ ፈቃድ የምህንድስና አገልግሎት እሰጣለሁ ማለት በሕግ ያስጠይቃል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ የየስቴቱ ቦርድ ነው። ብዙ ቦርዶች የውጭ ዲግሪን የሚያዩት በዚህ ምክር ቤት ግምገማ በኩል ሲሆን፣ ጠቅላላው ድርጅት የሰጠኝ ያማረ ወረቀት እዚህ አልተቆጠረልኝም። የሚለካውም «ዲግሪው ከምን ይስተካከላል?» በሚል አይደለም። ቢያንስ 32 ክሬዲት ከፍተኛ ሒሳብና መሠረታዊ ሳይንስ፣ ቢያንስ 48 ክሬዲት ደግሞ የምህንድስና ሳይንስና ዲዛይን መኖሩን ኮርስ በኮርስ ያያሉ። ስለዚህ የኮርስ ርዕስ አይበቃም፤ «ሃይድሮሊክስ ሁለት» ምን እንደሚያስተምር የሚገልጽ ዝርዝርም ይፈለጋል። የአክስቴ ልጅ እንደገና ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደ፤ ትራንስክሪፕቱ ለሁለተኛ ጊዜ ተላከ። መጀመሪያውኑ ይህን አውቄ ቢሆን ኖሮ በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ባስጨረስሁ ነበር። የዚህ አገልግሎት መልካም ጎኑ መስፈርቱ አስቀድሞ በግልጽ የተጻፈ መሆኑ ነው፤ ከመክፈልህ በፊት ትራንስክሪፕትህን ዘርግተህ ክሬዲቶቹን ራስህ መደመር ትችላለህ።

የፈተናው የመጀመሪያ ክፍል ኤፍኢ ይባላል። 110 ጥያቄዎች አሉት፤ ከነዕረፍቱና ከነመመሪያው ስድስት ሰዓት ይወስዳል፤ የቀመር መድበሉ ከጥያቄው ጎን ኮምፒውተሩ ላይ ይከፈትልሃል። ከተመረቅሁ ስምንት ዓመት አልፎኝ ስለነበር ሒሳቡን ከሥር ጀምሬ አጠናሁ፤ ካሰብሁት በላይ ያስቸገሩኝ ግን ፓውንድና ፊት የሚባሉት የአሜሪካ መለኪያዎች ናቸው። በሜትርና በኪሎኒውተን ያደገ አእምሮ ኪፕ የሚባለውን የሺህ ፓውንድ መለኪያ ሲያይ ለአፍታ ይቆማል፤ በፈተና ውስጥ ያቺ አፍታ 110 ጊዜ ስትደመር ብዙ ናት። በሁለተኛው ሙከራ አለፍሁ። ከዚያ በኋላ ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ሥር የሚቆጠር፣ በአብዛኛው አራት ዓመት የሚሆን ልምድና ፒኢ የሚባለው 80 ጥያቄ ያለው ሁለተኛ ፈተና ይቀራል። የአገር ቤት ልምድ ይቆጠር እንደሆነ ቦርዱን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል፤ የእያንዳንዱ ስቴት አሠራር ስለሚለያይ በሜሪላንድ የሰማችሁትን ቨርጂኒያ ላይ አትመኑ።

ዛሬ የምሠራው በአንድ አነስተኛ የስትራክቸር ቢሮ ነው። የቀጠረኝ ሰው መጀመሪያ ያየኝ ጣሪያ ላይ ሲሊንደር ስሞላ ነበር፤ ኤፍኢ ማለፌን ሲሰማ ደግሞ ቢሮው ጠራኝ። ዛሬ ብጀምረው ኖሮ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አደርገው ነበር፦ በገባሁበት ወር ኤሲአይ፤ ቤተ ሙከራ እየሠራሁ ለኤፍኢ ማጥናት፤ የኤንሲኢኢኤስን ግምገማ የምኖርበት ስቴት ቦርድ ምን እንደሚፈልግ ካነበብሁ በኋላ። ጠቅላላውን ግምገማ የምገዛው ማስተርስ ወይም የመንግሥት ሥራ ስፈልግ ብቻ ነው፤ ያኔም ቢሆን የሚቀበለኝ መሥሪያ ቤት የትኛውን ድርጅትና የትኛውን ዓይነት ግምገማ እንደሚፈልግ በኢሜይል አስጽፌ፣ መልሱን በእጄ ይዤ።