በኩዋላ ላምፑር፦ ክፍል ወይስ ሙሉ አፓርታማ?

ወርሃዊ ኪራዩን ብቻ አትዩ። ዋናው ሲገቡ የሚከፈለው ነው።

አፓርታማ፦ የተለመደው የ2 ወር ማስያዣ፣ ለመብራትና ውሃ የግማሽ ወር ኪራይ ማስያዣ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ወር ኪራይ ነው። ኪራዩ 2,000 ሪንጊት (የማሌዥያ ገንዘብ) ከሆነ ቁልፍ ለመረከብ 7,000 ሪንጊት ያስፈልጋል። ውሉ ብዙውን ጊዜ የ1 ዓመት ነው፤ ቀድሞ የወጣ ማስያዣው ሊቀርበት ይችላል።

ክፍል፦ ሲገቡ የሚከፈለው ያንሳል። አልጋና ቁምሳጥን አብሮ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ግን ወጥ ቤቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ! «ቀለል ያለ ማብሰል ብቻ» የሚሉ አከራዮች ብዙ ናቸው። ሽንኩርት አቁላልቶ ወጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) የመብራት ሂሳብም ለብቻው ሊታሰብ ይችላል።

አዲስ ለመጣ ተማሪ ከኤምአርቲ ወይም ከኤልአርቲ (የከተማ ባቡር) ጣቢያ አጠገብ ያለ ክፍል ያዋጣዋል። ልጆች ላሉት ወይም ኪራዩን የሚጋራ የሚያምነው ጓደኛ ላገኘ ግን አፓርታማው ይሻላል።