በመጋቢት ሙቀትና በጾም የሚፈተነው የጄላቶ ማሳያ ፍሪጅ

የባሕር ዳር የጄላቶ፣ ማለትም የጣሊያን አይስክሬም፣ ማሳያ ፍሪጅ የሚፈተነው በመጋቢት ነው። የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋው በዚህ ወቅት ነው፤ 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾምም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ውስጥ ይውላል። ስለዚህ ፍሪጁ እጅግ በሚደክምበት ሰዓት የሚይዘው ወተት የሌለበትን፣ ለመቅለጥ የሚቸኩለውን የፍራፍሬ ጄላቶ ብቻ ነው። በሐይቁ ዳር ባለው ካፌያችን የምንጠቀምበትን፣ አውሮፓ ውስጥ አገልግሎ የመጣ ባለ 12 ትሪ ጣሊያን ሠራሽ ማሳያ ፍሪጅ የምገመግመው በዚህ መለኪያ ነው።

ከመግዛታችን በፊት ሦስት ዓይነት አወዳድረን ነበር። ርካሹ ያለ ፋን የሚሠራው ነው፤ ቅዝቃዜው ከግድግዳውና ከወለሉ ቱቦዎች ብቻ ስለሚመጣ ጠርዝ ላይ ያለው ትሪ ድንጋይ ሆኖ መሐል ያለው ሊለሰልስ ይችላል። ሁለተኛው እኛ የመረጥነው፣ ቀዝቃዛ አየር በትሪዎቹ ላይ በፋን የሚያዘዋውረው ነው። ሦስተኛው ጣሊያኖች ፖዜቲ የሚሉት ሲሆን፣ ጄላቶው በክብ ጉድጓዶች ውስጥ ተቀምጦ በብረት ክዳን ይሸፈናል፤ ቅዝቃዜውን በመጠበቅ የሚወዳደረው የለም፣ ነገር ግን ደንበኛው የሚያየው ክዳን ብቻ ነው። በሐይቁ ዳር መንገድ እየተንሸራሸረ የሚያልፈውን ሰው የሚያስቆመው የማንጎው ቢጫና የዘይቱኑ ሮዝ ቀለም ስለሆነ፣ ለእኛ መስታወት ግድ ነበር።

ዕቃው የቀዘቀዘውን ለማቆየት እንጂ ያልቀዘቀዘውን ለማቀዝቀዝ አልተሠራም። ጄላቶ ከተራው አይስክሬም ይልቅ ቅባቱም በውስጡ የሚገባው አየርም አነስተኛ ሲሆን፣ ለደንበኛ የሚቀርበው ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ላይ ነው። ለማከማቻ በሚያገለግለው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ግን ማንኪያ አይገባበትም። ስለሆነም ከማሳያው ጎን ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት ዲፕ ፍሪዘር የግድ ያስፈልጋል፤ የሁለቱን ዋጋ አብሮ ያላሰበ ሰው በጀቱን ገና አልሠራም። ማታ ትሪዎቹ ወደ ዲፕ ፍሪዘሩ ይዛወራሉ፤ ማሳያው ይጠፋል፣ በረዶው ይለቃል፣ ይታጠባል። ይህ ልማድ የመብራት ወጪንም ይቀንሳል።

የእኛው ፍሪጅ ትልቁ ጥንካሬ ቅዝቃዜን እኩል ማከፋፈሉ ነው። ቴርሞሜትር በአራቱም ማዕዘን ትሪዎች ውስጥ ሰክተን በእኩለ ቀን ስናነብ የሚታየው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ችግር የሚነሣው ከፍሪጁ ሳይሆን ከቅመማው ነው። ስኳር የመቀዝቀዣውን ነጥብ ዝቅ ስለሚያደርግ በጣም የበሰለ ማንጎ የገባበት ጄላቶ ከሌላው ቀድሞ ይላላል፤ ኮኮዋ የበዛበት ደግሞ በዚያው ሙቀት ይጠነክራል። አንድ ማሳያ የሚሰጠው አንድ ሙቀት ብቻ ነውና ሁሉም ጣዕሞች በዚያ ሙቀት እኩል እንዲለሰልሱ ስኳራቸውን ማመጣጠን የአምራቹ ፈንታ ነው። በጾም ወራት የተሞላው ትሪ ሁሉ ማንጎ፣ ሎሚ፣ ፓፓያና ዘይቱን ሲሆን ቴርሞስታቱን በሁለት ዲግሪ ያህል ዝቅ እናደርጋለን፤ የማቀዝቀዣው ሞተር፣ ኮምፕረሰሩ፣ በዚያ ሙቀት ይህን ጭማሪ መቻሉ የዕቃውን ብቃት ያሳያል።

ለዚህ ብቃት መነሻው በኋላው የተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ናት፤ ሻጮች ግን እምብዛም አያሳዩአትም። በእሷ ላይ የሚጻፈው የአየር ንብረት ደረጃ 3 ከሆነ ዕቃው የተፈተነው በ25 ዲግሪ ሙቀትና በ60 በመቶ እርጥበት ነው፤ 4 ከሆነ በ30 ዲግሪና በ55 በመቶ፤ 7 ከሆነ በ35 ዲግሪና በ75 በመቶ ነው። ደረጃ 3 ለባሕር ዳር አይበቃም፤ ሻጩ ምንም ቢምል አይበቃም። በዚያ ላይ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ቢያንስ በአንድ ስድስተኛ የሳሳ ነው፤ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ክፍል፣ የኮንደንሰሩ፣ ፋን በቁጥር ያንኑ ያህል ቢዞርም ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀት ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ካለው አቅም የተወሰነውን ቀንሶ ማሰብና ፍሪጁን ከግድግዳ አርቆ ማቆም ያስፈልጋል።

ደካማ ጎኑም የሚገኘው እዚሁ ኮንደንሰር ላይ ነው። የአየር መሳቢያው ከፊት ለፊት፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የተሠራ ስለሆነ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። በሐይቁ ዳር ደግሞ ማታ የማሳያው መብራት የሚጠራቸው ነፍሳት ይታከሉበታል፤ ሽፋኑ ሲነሣ በቀጫጭኖቹ የአሉሚኒየም ቅጠሎች መሐል ክንፋቸው ከአቧራ ጋር ተጋግሮ ግራጫ ምንጣፍ ሠርቶ ይገኛል። በለስላሳ ብሩሽ በየሳምንቱ ካልተጠረገ ኮምፕረሰሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ቅዝቃዜውም ይቀንሳል። መሐንዲሱ መሳቢያውን ከላይ ቢያደርገው ኖሮ ምን ነበረበት እላለሁ። በክረምት የፊት መስታወቱ ጉም እንዳይለብስ የሚከላከለው የሞቀ አየር ግን በሚገባ ይሠራል፤ ዝናብ በሚዘንብበት ከሰዓት በኋላ እንኳ ትሪዎቹ ጥርት ብለው ይታያሉ።

መብራት ሲሄድ ይህ ፍሪጅ ከፖዜቲው እጅግ ያነሰ ነው፤ መስታወቱ ብዙ፣ የሚይዘው ቅዝቃዜ ጥቂት ነውና። አስተናጋጆቹ ወዲያው የኋላ ተንሸራታች በሮቹን ይዘጋሉ፣ የሌሊት መጋረጃውን ይስባሉ፤ መብራቱ ቶሎ ካልተመለሰ ትሪዎቹን ወደ ዲፕ ፍሪዘሩ ያዛውራሉ። ማሳያው ውስጥ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ጄላቶ የበረዶ ቅንጣቱ ስለሚያድግ እንደ አሸዋ በጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻልና ለደንበኛ አይቀርብም። መብራቱ ሲመለስ ኮምፕረሰሩ ወዲያው እንዳይነሣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ የቮልቴጅ መከላከያ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ይህ ከዕቃው ጋር አይመጣም። ከአሜሪካ ገበያ የመጣ ባለ 60 ኸርዝ ዕቃ በርካሽ ቢቀርብም አልመክርም፤ የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው።

ስለ ማቀዝቀዣ ጋዙም መናገር ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አር 404 ኤ በተባለው ጋዝ የሚሠሩ አዳዲስ የንግድ ፍሪጆች ለገበያ እንዳይቀርቡ ስለከለከለ፣ ከዚያ የሚመጡት ያገለገሉ ማሳያዎች ብዙዎቹ የዚያ ትውልድ ናቸው፤ የእኛውም እንዲሁ። ለጊዜው ጥገናው አያስቸግርም፤ ባለሙያዎቻችን ጋዙን ለምደውታል፣ ዋጋው ግን እየተወደደ መሄዱ አይቀርም። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ የሚሠሩበት አር 290 ፕሮፔን ነው፤ መብራት ይቆጥባል፣ ነገር ግን ተቀጣጣይ በመሆኑ ጋዙ በውስጡ እያለ ቱቦውን በእሳት መበየድ አደገኛ ነው፤ ከማእድ ቤት ሲሊንደር እሞላልሃለሁ የሚል ጠጋኝ ከመጣም በሩን ማሳየት ነው።

በአጠቃቀም ረገድ 12 ትሪ ለእኛ ይበዛል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ የሚሸጠው የጾሙ ዓይነት ብቻ ስለሆነ ግማሹ ትሪ ባዶ ይቀራል፤ ባዶ ቦታ ደግሞ የአየሩን ዝውውር ያዛባል፣ ዓይንም አይስብም። ክፍተቱን በክዳን እየሸፈንን እንሠራለን። ዛሬ ለሚገዛ ሰው፣ ሐይቁን ተመልክቶ የሚሠራ ካፌ ካለው ባለ 6 ወይም ባለ 8 ትሪውን፣ ፋን ያለውንና ቢያንስ በ30 ዲግሪ ሙቀት የተፈተነውን እንዲወስድ እመክራለሁ። ቤቱ ከመንገድ ገባ ያለ ከሆነና ደንበኛው ጣዕሙን አስቀድሞ አውቆ የሚመጣ ከሆነ ግን ባለ ክዳኑ ፖዜቲ ይሻለዋል፤ ጄኔሬተር ከሌለው ደግሞ ሌላውን ማየትም አያስፈልገውም።