ፈቃድ የሚያማክረው ቢሮ «ነፃ» የሚለውን ቃል እንዴት እንዳስረዳኝ

እ.ኤ.አ. በ2023 ኦክቶበር ወር አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ውስጥ ለጤና ባለሙያዎች የምዝገባና የሙያ ፈቃድ ጉዳይ በአማርኛ የሚያማክር አንድ አነስተኛ ቢሮ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተገልግያለሁ። የቢሮውን ስም የማልጠቅሰው ሠራተኞቹ በቅንነት ስላስተናገዱኝና ያየሁባቸው ስሕተትም በብዙዎቻችን አፍ የሚነገር ስለሆነ ነው። ክፍያው ለሁለት ቀጠሮ 150 ዶላር ሲሆን፣ ባለ 14 ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ አብሮ ይሰጣል።

ጉዳዬ ይህ ነው። የምኖረው ቨርጂንያ ነው፤ የነርስነት ፈቃዴንም ያወጣሁት ከዚያው ሲሆን፣ በነርሶች ፈቃድ ስምምነት አባል ግዛቶች ሁሉ የሚያሠራ ነው። የምሠራው ግን ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኝ የፌዴራል መንግሥት የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ውስጥ፣ በክትባትና በበሽታ መከላከል ሥራ ላይ ነው። የዲሲ ፈቃድ ኖሮኝ አያውቅም፤ ጠይቆኝ የሚያውቅም የለም። በዚያ መኸር ዲሲ ውስጥ ያለው የደብራችን ሰበካ ጉባኤ፣ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንድንሰጥ እኔንና ሁለት ባልደረቦቼን ጠየቀን። ሆስፒታሉ ውስጥ በየቀኑ የምወጋውን መርፌ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ብወጋ ሕጉ ምን ይለኛል? ቢሮውን የጠየቅሁት ይህንኑ ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ያነጋገሩኝ የቢሮው ኃላፊ፣ ለረጅም ዓመታት በሆስፒታል ውስጥ የባለሙያዎችን ማስረጃ ሲያጣሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ለዚያች አንድ ሰዓት ብቻ ሙሉውን ክፍያ ብከፍል አይቆጨኝም። ነገሩን የጀመሩት ከጤና ሳይሆን ከፖስታ ነው። በ1920 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጆንሰን የተባለ የፖስታ መኪና ሹፌር ከሜሪላንድ ግዛት ጋር የተከራከረበትን ጉዳይ ወስኗል። ሰውዬው የመንግሥት መኪና ይዞ፣ ደብዳቤ ጭኖ ከማውንት ኤሪ ወደ ዋሽንግተን ሲጓዝ የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ስላልነበረው ተይዞ ተቀጣ፤ ፍርድ ቤቱ ግን የፌዴራል ሠራተኛ የመንግሥቱን ሥራ እየሠራ ሳለ ግዛቱ የራሱን ፈቃድ ካላወጣህ ብሎ ሊያስቆመው አይችልም ሲል ቅጣቱን ሻረው። ኃላፊው ጠረጴዛቸው ላይ በተዘረጋው ካርታ መንገዱን በጣታቸው እየተከተሉ፣ «እህቴ፣ ሹፌሩን ነፃ ያወጣው የጫነው ደብዳቤ ነው፤ ማታ የራሱን መኪና ሲነዳ ግን እንደ ማንኛችንም ፈቃድ ይጠየቃል» አሉኝ።

ቀጥለውም ያ ፍርድ ወደ ጤና ሙያ እንዴት እንደ ደረሰ አስረዱኝ። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኅዳር 2020 ባወጣው ደንብ፣ ባለሙያዎቹ የአንድ ግዛት ፈቃድ እስካላቸው ድረስ በመሥሪያ ቤቱ ሥራ ላይ በየትኛውም ግዛት መሥራት እንደሚችሉ በግልጽ ደንግጓል። በ2010 በወጣው ሕግ መሠረትም፣ በነባር የአሜሪካ ሕዝቦች የጤና ፕሮግራም የተቀጠረ ባለሙያ የሌላ ግዛት ፈቃድ ይዞ መሥራት ይችላል፤ ነፃነቱ የሚጸናው ግን ከፕሮግራሙ ሥራ ጋር ነው። የቨርጂንያ የነርሶች ሕግም የሌላ ግዛት ፈቃድ ያላትን የፌዴራል ነርስ ነፃ ሲያደርግ፣ በመንግሥት ሥራዋ ላይ እስካለች ድረስ ብሎ ነው።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከማብራሪያው ጽሑፍ ነው። ርእሱ «ፈቃድ የማያስፈልጋቸው የጤና ባለሙያዎች» ይላል፤ ይህ ግን ኃላፊው በቃል ካስተማሩኝ ጋር ይጋጫል። የፌዴራል ሆስፒታል ነርስ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ ከአንድ ግዛት የወጣ፣ ያልታገደና ጊዜው ያላለፈ ፈቃድ ከሌላት አትቀጠርም። የሚቀርላት ሁለተኛው ፈቃድ ነው። ገጽ 11 ላይ ደግሞ በኮቪድ ወቅት የሜሪላንድ አገረ ገዥ በማርች 2020 ያወጡት ትእዛዝ፣ ማለትም የሌላ ግዛት ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች በግዛቱ የጤና ተቋማት እንዲሠሩ የፈቀደው፣ ዛሬም እንደሚሠራ ሆኖ ተጽፏል። የሜሪላንድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በጁላይ 2021 አብቅቷል፤ የእፎይታ ጊዜውም በዚያው ዓመት በኦገስት አጋማሽ አልፏል። ያንን ገጽ አምኖ ሥራ የጀመረ ሰው ያለ ፈቃድ የሠራ ሆኖ ይቆጠራል፤ የገንዘብ ቅጣት ብቻ ሳይሆን በያዘው ፈቃድ ላይ የሥነ ምግባር ክስ ሊከተለው ይችላል።

በሁለተኛው ቀጠሮ የተቀበለኝ ወጣት ረዳት ነበር። ጥያቄዬን ሰምቶ ሳይጨርስ፣ «አንቺ እኮ የፌዴራል ነሽ፤ የትም ብትሠሪ ነፃ ነሽ» አለኝ። በየትኛው አንቀጽ ብዬ ስጠይቀው ማብራሪያውን ገለጥ ገለጥ አድርጎ አላገኘውም። ደግነቱ ኃላፊው ከጎን ክፍል ሰምተው መጡና የሹፌሩን ነገር አስታወሱት። እሑድ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የምሰጠው ክትባት የሆስፒታሉ ሥራ አይደለም፤ ስለዚህ በዚያ ሰዓት እኔ የዲሲ ፈቃድ የሌለኝ ነርስ ነኝ። የስምምነቱ ፈቃድም አያድነኝም፤ ሜሪላንድ ከ1999፣ ቨርጂንያ ከ2005 ጀምሮ አባል ቢሆኑም ዲሲ በዚያን ጊዜ አባል አልነበረችም። ኃላፊው ካርታውን እንደገና አውጥተው፣ አዳራሹ ከኢስተርን አቬኑ ማዶ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቢሆን ኖሮ የቨርጂንያ ፈቃዴ ይበቃኝ እንደ ነበር አሳዩኝ። ያም ቢሆን፣ ክትባቱን የሚያዝ ሐኪም በጽሑፍ ያስቀመጠው መመሪያ ሊኖር እንደሚገባ አልዘነጉም።

በነፃ ፈቃደኝነት መሥራት በራሱ ነፃ እንደማያደርግም ከእሳቸው ተረዳሁ። በዚህ ረገድ ቨርጂንያ ለሌላ ግዛት ነርሶች የተለየ በር አላት፤ ጤና አገልግሎት ያልደረሰውን ሕዝብ በሚረዳ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሥር በነፃ ለማገልገል የምትመጣ ነርስ፣ ቦታውንና ቀኑን ቢያንስ ከአምስት የሥራ ቀናት በፊት ለነርሲንግ ቦርዱ አሳውቃ መሥራት ትችላለች። በዚህ በር ለመግባት ግን አስቀድሞ ማመልከትና መጠበቅ ግድ ነው።

በመጠበቂያው ክፍል ያገኘኋት አንዲት እህት፣ አገር ቤት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የነበረች፣ ሜሪላንድ ውስጥ በማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛነት ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልጋት እንደሆነ ልትጠይቅ መጥታ ነበር። የሜሪላንድ የምስክር ወረቀት በፈቃደኝነት የሚወሰድ መሆኑን በ10 ደቂቃ ነግረዋት ገንዘብ ሳይቀበሏት ሸኟት። ይህ ሊመሰገን ይገባል።

ከአምስት ሦስት እሰጣቸዋለሁ። ቀጠሮ የምትይዙ ከኃላፊው ጋር እንዲሆን በስልክ አረጋግጡ፤ ማብራሪያው ግን ርእሱና ገጽ 11 እስኪታረሙ ድረስ ለማንም ባይሰጥ እመርጣለሁ። ይህንኑ ለኃላፊው በጽሑፍ አሳውቄ፣ እናስተካክላለን የሚል መልስ ደርሶኛል።

እኔም የጣት አሻራዬን ሰጥቼ፣ በቨርጂንያ ፈቃዴ መነሻነት የዲሲን ፈቃድ ለማግኘት አመለከትኩ። እስከዚያው ድረስ ክትባቱን እንዲሰጡ ሰበካ ጉባኤው በዲሲ የተመዘገቡ ሁለት የፋርማሲ ባለሙያዎችን ጋበዘ። በዚያ እሑድ እኔ በአዳራሹ በር አጠገብ ተቀምጬ፣ እንግሊዝኛ ለማያነቡ እናቶችና አባቶች ቅጹን በአማርኛ እያነበብኩ፣ የነገሩኝን ስጽፍ ዋልኩ።